ታብሌቱ ተገዛ፤ የመምህሩ ሰዓትስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ዲጂታል ቴክኖሎጂ ወደ ትምህርት ቤቶች ስለመግባቱ በጋዜጦች የሚወጡ ዘገባዎችንና አስተያየቶችን በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ዘገባዎቹ በአብዛኛው የሚነግሩን ስለ ዕቃው ነው፤ ስንት ኮምፒውተር እንደ ተከፋፈለ፣ ስንት ትምህርት ቤት ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ፣ በርክክቡ ላይ እነማን እንደ ተገኙ። አስተያየት ሰጪዎቹ ደግሞ በሁለት ጎራ ተሰልፈው ግማሾቹ ስክሪን የልጆችን አእምሮ አደነዘዘ ይላሉ፣ ግማሾቹ ያለ ስክሪን የነገን ዓለም መድረስ አይቻልም ብለው ይሟገታሉ። ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ እንደ መሆኔ በሁለቱም ወገን የሚነሣው ሐሳብ እውነትነት እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ከሁለቱም ክርክር ወድቆ የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም የመምህሩ የሥራ ሰዓት ነው። በእኔ እምነት አንድ ትምህርት ቤት ተለወጠ የሚባለው መምህሩ የሚዘጋጅበት፣ የሚያርምበትና ከተማሪው ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ሲለወጥ ነው፤ ይህ ካልተነካ የገባው ዕቃ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የድሮው ትምህርት በአዲስ መስታወት ውስጥ ይቀጥላል። (በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

አዲስ መሣሪያ ትምህርት ቤትን ሊገለብጠው ነው የሚለው ተስፋ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 መጻሕፍት በቅርቡ ከትምህርት ቤት እንደሚወጡና በተንቀሳቃሽ ፊልም ምክንያት የትምህርቱ ሥርዓት በ10 ዓመት ውስጥ ፈጽሞ እንደሚለወጥ ተናግሮ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ በ1960 ደግሞ በአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሌቶ የተባለው በኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ተጀመረ። በየዘመኑ የተነገረው ተስፋ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እምብዛም የማይወሳው፣ ለእኔ ግን ከሌሎቹ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው የአሜሪካ ሳሞአ ታሪክ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኘው ይህች የደሴቶች ግዛት በ1964 ትምህርትን በቴሌቪዥን ማስተላለፍ ጀመረች። ዋናውን ትምህርት የሚሰጡት ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጡ መምህራን ሲሆኑ፣ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ድርሻ ስርጭቱ ሲያበቃ ተማሪዎቹን ማለማመድ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በሚገባ የሠለጠነ መምህር በየክፍሉ ማግኘት ባልተቻለበት ቦታ የጥቂት ጎበዝ መምህራንን ድምፅ ለሁሉም ማዳረስ አቋራጭ መስሎ ታይቷል። ሆኖም ስርጭቱ ትምህርቱ ለተማሪው ገባውም አልገባው ሰዓቱን ጠብቆ ይነጉዳል፤ እጁን ያወጣን ልጅ አያይም፣ ፊቱን ያጨፈገገውን አይጠይቅም። በ1970ዎቹ ውስጥ በተለይ ከፍ ባሉት ክፍሎች የመምህራኑና የተማሪዎቹ ቅሬታ እየበረታ ስለ ሄደ ቴሌቪዥኑ ከዋና አስተማሪነት ወደ ማገዣነት ዝቅ እንዲል ሆነ። ልጆቹን በስም የሚያውቃቸው ሰው የሣጥኑ ረዳት ሆኖ ተቀምጦ ስለነበር ውጤቱ ብዙም አያስገርመኝም።

የላፕቶፑ ዘመን ሲመጣ ተስፋው በሌላ መልክ ተመለሰ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል መርህ በ2005 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ ዕቅድ፣ ርካሽና ጠንካራ ኮምፒውተር በልጁ እጅ ከገባ ልጁ ራሱን በራሱ ማስተማር ይችላል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነበር። ዕቅዱን በስፋት ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ፔሩ ናት። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ በዚያች አገር በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ያካሄደውና በ2012 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው የኮምፒውተር ብዛት ከ0.12 ወደ 1.18 ከፍ ብሎ ሳለ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ በጎ ምልክት መታየቱን ያው ጥናት መዝግቧል። የትምህርቱ ውጤት ግን ባለበት ቀረ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ከፍተኛ ገንዘብ ያፈሰሱ አገሮች በዓለም አቀፉ የፒሳ ፈተና በንባብ፣ በሒሳብም ሆነ በሳይንስ ጎልቶ የሚታይ መሻሻል እንዳላገኙ ገልጿል።

ይህን ሁሉ የምጠቅሰው መሣሪያው ይቅር ለማለት አይደለም። ኡራጓይን እንመልከት። ሴይባል በተባለው ዕቅድ በ2007 ጀምራ በ2009 በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ሁሉ ላፕቶፕ አዳረሰች። እዚያም ቢሆን ላፕቶፕ መታደሉ ብቻውን የሒሳብና የንባብ ውጤትን ከፍ አለማድረጉን በኋላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ አገሪቱ ግን ዕቃውን አድላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የእንግሊዝኛ መምህር እጥረት ስለነበረባት ከ2012 ጀምሮ ርቀት ላይ ያለ መምህር በቪዲዮ ወደ ክፍሉ እየገባ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምር፣ የክፍሉ መምህር ደግሞ በቀሩት ክፍለ ጊዜዎች ያንኑ እንዲያለማምድ ተደረገ፤ ሁለቱ መምህራንም በየሳምንቱ ስለ መጪው ትምህርት እንዲመካከሩ ሆነ። ከሳሞአው ቴሌቪዥን የሚለይበትን ነጥብ ልብ ይሏል። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ልጆቹን ያያቸዋል፣ ይሰማቸዋል፤ የክፍሉ መምህርም የሥራ ባልደረባ ነው፣ ለመመካከሪያውም ጊዜ ታስቦለታል። እኔ ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤትን ለወጠ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጉዳዩን ከራሴ ሙያ አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳይ። የኳድራቲክ እኩልታን ግራፍ በጥቁር ሰሌዳ ሳስተምር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ኩርባ ብሥል ነው፤ ተማሪው እኔን ተከትሎ ደብተሩ ላይ ነጥብ ሲያስቀምጥና ሲያገናኝ ሰዓቱ ያልቃል። ጂኦጀብራን በመሰለ ሶፍትዌር ግን በእኩልታው ውስጥ ኤክስ ካሬን የሚያባዛውን ቁጥር በጣት እየጎተቱ ማሳደግና ማሳነስ ይቻላል። ቁጥሩ ሲያድግ ኩርባው ይጠባል፤ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ይሰፋል፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ አፉን ወደ ታች ይደፋል። ይህን ለተማሪዎቼ ከፍቼ “እስቲ ሞክሩት” ብዬ ብተዋቸው ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ነገር ይከፍታሉ፤ አልፈርድባቸውም። ገና ሳይነኩት “ይህ ቁጥር ልክ ዜሮ ላይ ሲያርፍ ምን የምታዩ ይመስላችኋል? መጀመሪያ ደብተራችሁ ላይ ሣሉት” ስላቸው ግን ክፍሉ ሌላ ክፍል ይሆናል። አንዳንዱ ገጹን ባዶ ይተዋል፤ ብዙው አግድም የተጋደመ መስመር ይሥላል፤ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ያዘመመ መስመር ሥላ ከጎኗ ካለው ልጅ ጋር ትከራከራለች። ቁጥሩን ጎትተው ዜሮ ላይ ሲያደርሱት ኩርባው ቀጥ ያለ፣ ያዘመመ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል፤ ኤክስን የሚያባዛው ቁጥር እንዳለ ነውና መስመሩ ሊጋደም እንደማይችል ያቺው ልጅ ከእኔ ቀድማ ለጓደኛዋ ታስረዳዋለች። በጠመኔና በሰሌዳ እዚህ ነጥብ ላይ ለመድረስ ቢያንስ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይፈልግ ነበር።

ዳሩ ግን ያችን አንዲት ጥያቄ ለመምረጥ፣ ቁጥሮቹን ለማመቻቸት፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ለመገመትና ኤሌክትሪክ ወይም ኢንተርኔት ቢጠፋ በምን እንደምቀጥል ለማሰብ አንድ ሙሉ ምሽት ይሄዳል። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ ያ ምሽት ግን በማንም በጀት ውስጥ አልተጻፈም። ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲሮጥ ውሎ በትርፍ ሰዓቱ የሚያርመውን ደብተር ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚገባ መምህር፣ ታብሌት ስለተሰጠው ብቻ የተለየ ትምህርት ያዘጋጃል ብሎ መጠበቅ ከየዋህነት ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው መማሪያ መጽሐፉ ወደ ስክሪን ተገልብጦ፣ ተማሪው ከሰሌዳ ይገለብጥ የነበረውን አሁን ከስክሪን መገልበጡ ነው። በዚያ ላይ አዲሱ መሣሪያ የራሱን ሥራ ይዞ ይመጣል፤ የይለፍ ቃል የጠፋበትን ተማሪ መርዳት፣ ውጤት በሁለት ቦታ መመዝገብ፣ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ የሚመጣውን የተማሪና የወላጅ ጥያቄ መመለስ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ግን አያውቀውም።

የሰዓቱ ጉዳይ ይበልጥ የከረረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ነው። የታዘዘውን ጽሑፍ በቅጽበት የሚጽፈው ቻትጂፒቲ ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የኒውዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጃንዋሪ 2023 በራሳቸው ኮምፒውተሮችና መስመሮች ላይ ከለከሉት፤ በሜይ ደግሞ ክልከላውን አነሡት። ይህ በወራት ውስጥ የታየ መገለባበጥ የትምህርት አስተዳዳሪዎችን ጭንቀት በሚገባ ያሳያል። ቀጥሎ ብዙዎች ተስፋ የጣሉት በሌላ ሶፍትዌር ላይ ነበር፤ ጽሑፉን ሰው ይሁን ማሽን የጻፈው ለይቶ ይነግረናል በሚሉት። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን እንዲህ ያለ መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በጁላይ 2023 አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያዩ መለያዎችን ሲፈትሹ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች ውስጥ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ሥራ ናቸው ብለው መፈረጃቸውን ደርሰውበታል። ትምህርቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ለሚከታተል ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መምህራን ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል፤ ንጹሑን ልጅ በማሽን ምስክርነት ሌባ ማለት ነውና።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ቋንቋ የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ የምታደርገውን አይቻለሁ። ተማሪው ድርሰቱን ካስረከበ በኋላ ከፊቷ ታስቀምጠውና “ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ለወንዞች መበከል ዋናው ምክንያት የከተሞች መስፋፋት ነው ብለሃል፤ እንዲህ ለማለት ምን አይተህ ነው?” ብላ ትጠይቀዋለች። ራሱ የጻፈ ልጅ እየተንተባተበም ቢሆን አንድ ነገር ይላል፣ አንዳንዴም የጻፈውን ይቃወማል። ያልጻፈው ወረቀቱን ተቀብሎ ገና ማንበብ ይጀምራል። ይህ ዘዴ ልጁን አያዋርድም፣ ማሽኑንም አይፈራም፤ እንዲያውም ተማሪው ማሽኑን ተጠቅሞ ከሆነ የተጠቀመበትን እንዲያስረዳና እንዲሞግት በር ይከፍትለታል። ነገር ግን ለአንድ ተማሪ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 50 ተማሪ ላለበት ክፍል 250 ደቂቃ ነው፤ ያውም ለአንድ ድርሰት፣ ለአንድ ክፍል። እሷ ይህን የምታደርገው የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከትምህርት ቤት የሚፈልገው ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ እንዳለ ይሰማኛል፤ ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ወረቀት የተማሪውን ዕውቀት የመመስከር አቅሙ ተዳክሟልና ምዘናው ወደ ክፍል፣ ወደ ቃል መልስ፣ ተማሪው ሥራውን ከረቂቅ እስከ መጨረሻው ወደሚያሳይበት መንገድ መዞር ይኖርበታል። ያ ደግሞ የሚገዛ ዕቃ የለውም፤ የሚጠይቀው የሰው ሰዓት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዘው የሚነሡ ሌሎች ጉዳዮችን ባጭሩ ልለፋቸው። ንባብን በተመለከተ በ2018 የወጣ ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያካተቱ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ሰዎች መረጃ ሰጪ ጽሑፍን ከወረቀት ሲያነቡ ከስክሪን ይልቅ በተሻለ እንደሚረዱት፣ ልዩነቱም ጊዜ ሲያጥር እንደሚሰፋ አሳይቷል። የስዊድን መንግሥትም በ2023 የታተሙ መማሪያ መጻሕፍትን ወደ ትምህርት ቤቶች ለመመለስ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድቧል። እንግዲህ በዲጂታል ትምህርት ቀዳሚ ከነበሩት አገሮች አንዷ መጽሐፍ መግዛት ስትጀምር፣ ገና ጀማሪ የሆነ ትምህርት ቤት መጽሐፉን ጥሎ ወደ ስክሪን የሚሮጥበት ምክንያት አይታየኝም። ስልክን በተመለከተ ፈረንሳይ በ2018 በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች እንዳይጠቀሙበት በሕግ ከልክላለች፤ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ስልክ ትኩረትን እንደሚሰርቅ ማንኛውም መምህር ያውቃልና እኔም በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ችላ ሊባል የማይገባው የእኩልነት ጉዳይ ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ከ190 በላይ በሆኑ አገሮች 1.6 ቢሊዮን ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተስተጓጉለው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2020 መጨረሻ በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ልጆች ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ልጆች፣ በቤታቸው ኢንተርኔት አልነበራቸውም። የቤት ሥራው በኢንተርኔት ብቻ የሚላክ ከሆነ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ከበር ሲወጡ በሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው፣ ማን በምን እንደሚማር የሚጠይቀውና ለሌለው በወረቀት የሚያዘጋጀው ያው መምህር ነው።

የመምህርን ሰዓት መግዛት ከታብሌት ይልቅ ውድ ነው የሚል መልስ ከበጀት ባለሙያዎች እንደሚመጣ እገምታለሁ። ትክክል ነው፤ ታብሌት አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል። ቢሆንም ስሌቱ ከሥር መጀመር አለበት። ታብሌቱም ቢሆን ባትሪው ይደክማል፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ ሶፍትዌሩ ያረጃል፤ ጥገናና መተኪያ ያልተያዘለት ዕቃ ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጋዘን አቧራ ይጠጣል። ለ50 ተማሪዎች 50 ታብሌት ከመግዛት ይልቅ በ17 ታብሌት ሦስት ሦስት ሆነው እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም ከላይ በጠቀስኩት የግራፍ ትምህርት ልጆቹ የተማሩት በክርክሩ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ስክሪን አቅፎ ቢቀመጥ ያ ክርክር ባልተነሣ ነበር። በተረፈው ገንዘብ በየትምህርት ዓይነቱ ጥቂት መምህራን የሚያስተምሩት ክፍለ ጊዜ ተቀንሶላቸው፣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት አብረው ተቀምጠው እንዲዘጋጁና ያዘጋጁትን ለሌሎቹ እንዲያካፍሉ ቢደረግ፣ አንዱ በአንድ ምሽት የደከመበት ትምህርት አሥር ክፍል ይደርሳል። የተዘጋጀ ትምህርትን ለማካፈል ደግሞ ዲጂታል ቴክኖሎጂን የሚያህል የለም፤ በዚህ በኩል መሣሪያው በእርግጥም ባለውለታችን ነው። ሥልጠናውም ቢሆን አዳራሽ ውስጥ በሁለት ቀን ተሰጥቶ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎበት የሚያበቃ ሳይሆን፣ መምህሩ በሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ በራሱ ክፍል የሚሠራበት ቢሆን የበለጠ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደፊት ስለ ኮምፒውተር ወይም ስለ ታብሌት ርክክብ ስትዘግቡ የዕቃውን ብዛት ከጻፋችሁ በኋላ ርእሰ መምህሩን ጥቂት ነገር ጠይቁልን። በዘንድሮው የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ ለዝግጅት የተጨመረ ሰዓት አለ ወይ? አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ በስንት ቀን ውስጥስ? በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት የሚሰበሰበው የልጆቹ መረጃ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል? ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ተማሪ የቤት ሥራውን በምን ይሠራል? መልሱን፣ “አልታሰበበትም” የሚል እንኳ ቢሆን፣ ከታብሌቶቹ ብዛት ቀጥሎ አትሙልን፤ ከዓመት በኋላም ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሳችሁ ያንኑ ደግማችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር